ያልተወደደ መሪና የማይሰማ ደጋፊ፦ የአሜሪካ የ"ተቀባይነት" ቁጥሮች ለሙስሊሙ መራጭ ምን ይነግሩታል?

ጁላይ 5 ቀን 2024 ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቴፋኖፖሎስ በኤቢሲ ቴሌቪዥን ፕሬዚዳንት ጆ ባይደንን ፊት ለፊት አግኝቶ ጠየቃቸው። ተቀባይነታቸው 36 በመቶ መድረሱን አንስቶ፣ እንዲህ ባለ ቁጥር እንደገና የተመረጠ ፕሬዚዳንት አይቶ እንደማያውቅ ነገራቸው። ባይደን ቁጥሩን አልተቀበሉም። የእኔ ተቀባይነት ይህ ነው ብዬ አላምንም፣ የራሳችን ጥናት የሚያሳየው ሌላ ነው የሚል ነበር የመልሳቸው ይዘት። ከ16 ቀን በኋላ ከውድድሩ ወጡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ሰሞን የሪፐብሊካን ደጋፊዎች ያንን 36 በመቶ እንደ ዋንጫ ይዘው ሲዞሩ ነበር። ዓመት ዞሮ ጁላይ 2025 ሲመጣ፣ ጋሉፕ የተባለው ታዋቂ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ተቋም የፕሬዚዳንት ትራምፕ ተቀባይነት 37 በመቶ መሆኑን አሳወቀ። ልዩነቱ የአንድ ነጥብ ነው። ሆኖም ሰዎቹ ቦታ ተቀያይረው ነበር። አምና ቁጥሩን ሲያራግብ የነበረው ወገን ዘንድሮ "ጥናቱ የተጭበረበረ ነው" ይላል፤ አምና "ጥናት ምን ያውቃል" ሲል የነበረው ደግሞ ዘንድሮ በየቀኑ አዲስ ጥናት ይጠብቃል።

የእነሱ ጨዋታ ነው ብለን ልናልፈው እንችል ነበር። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ የእኛም ድምፅ አለ። የጋዛ ጉዳይ ያስቆጣቸው የሚሺጋንና የሚኒሶታ ሙስሊሞች አሉበት፤ የቨርጂኒያ ሐበሾችም አሉበት። ቁጥሩ ሲወጣ ሁለቱም ፓርቲዎች ይህን ቁጣ ለራሳቸው በሚመች መንገድ ተርጉመውታል። ይባስ ብሎ እኛው ራሳችን በሁለት ተከፍለን የየፓርቲያችንን ትርጉም ማስተጋባት ጀምረናል።

መጀመሪያ ቁጥሩ ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። ጥያቄው በጣም አጭር ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ሥራቸውን የሚያከናውኑበትን መንገድ ይቀበሉታል ወይስ አይቀበሉትም? ጋሉፕ ይህን ጥያቄ ከሩዝቬልት ዘመን፣ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እስከ 2025 ድረስ ሲጠይቅ ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው አንድ ሺህ ያህል ሰው ሲሆን የስህተቱ ህዳግ አራት ነጥብ ገደማ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ነው። "ከ300 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ውስጥ አንድ ሺህ ሰው ጠይቀህ ምን ታውቃለህ?" የሚል ሰው አይጠፋም። ወጥ የምትሠራ እናት ጨው መጠኑን ለማወቅ ድስቱን ሙሉ አትጠጣም። በደንብ ካማሰለችው አንድ ማንኪያ ይበቃታል። ችግሩ የሚመጣው ወጡ በደንብ ሳይማሰል ሲቀር ነው።

ለእኛ ይህ የማማሰል ነገር ቀላል አይደለም። በፒው የጥናት ማዕከል ግምት በ2017 በአሜሪካ 3.45 ሚሊዮን ሙስሊሞች ነበሩ፤ ከሕዝቡ 1.1 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሺህ ሰው በሚጠየቅበት ጥናት ውስጥ ሙስሊሙ ቢበዛ አሥር ወይም አሥራ አንድ ሰው ነው። ከአሥር ሰው ተነስቶ "ሙስሊሞች እንዲህ ይላሉ" ማለት አይቻልም። በዚያ ላይ እነዚህ ጥናቶች የሚደረጉት በአብዛኛው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ወይም ዐረብኛ ብቻ የሚናገሩ እናትና አባት ስልኩን ቢያነሱ እንኳ የሚጠይቃቸው የለም። ስልኩን የሚያነሳውም ቢሆን ጥቂት ነው። ፒው እንዳስታወቀው በ2018 በስልክ ጥናቱ ከሚደወልላቸው ሰዎች ምላሽ የሚሰጡት ወደ 6 በመቶ ወርደው ነበር። የማያውቀው ቁጥር ሲደውልለት ስልኩን የሚያነሳ ስደተኛ ምን ያህል እንደሆነ አንባቢ ራሱ ያውቃል።

ስለዚህ አገር አቀፉ ቁጥር ስለ አገሩ ብዙ ይናገራል፤ ስለ እኛ ለብቻው የሚናገረው ነገር ግን የለም ማለት ይቻላል። ይህን ክፍተት ለመሙላት የማኅበራዊ ፖሊሲና መግባባት ተቋም (በእንግሊዝኛ ምህጻሩ አይኤስፒዩ) ከ2016 ጀምሮ የአሜሪካ ሙስሊሞችን ለይቶ ሲጠይቅ ቆይቷል። በየሚዲያው የሚጠቀሱት ግን እነዚህ ጥናቶች አይደሉም።

ቁጥሩ ይንቀሳቀስ የነበረበት ዘመን

ዛሬ ዛሬ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ተቀባይነት ከ35 እስከ 50 ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ሲመላለስ ስለምናይ ድሮም እንዲህ የነበረ ይመስለናል። አልነበረም። ትሩማን በ1945 87 በመቶ ደርሰው በ1952 መጀመሪያ 22 በመቶ ወርደዋል። ኒክሰን በጃንዋሪ 1973 67 በመቶ ነበሩ፤ በኦገስት 1974 ሥልጣን ሲለቁ 24። አባት ቡሽ ኩዌትን ነጻ ባወጣው የ1991 ጦርነት ማግስት 89 በመቶ ወጥተው፣ ኢኮኖሚው ሲቀዛቀዝ በቀጣዩ ዓመት 29 በመቶ ደረሱና በክሊንተን ተሸነፉ። ልጅ ቡሽ ደግሞ ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ በነበሩት ቀናት 90 በመቶ ደርሰው በ2008 መጨረሻ 25 በመቶ ላይ ተገኙ።

እነዚህ ቁጥሮች ወዲህና ወዲያ መሄድ የቻሉት ሰው ፓርቲውን ትቶ መልስ ይሰጥ ስለነበረ ነው። በአይዘንሃወር ዘመን ከዴሞክራቶች ግማሽ ያህሉ የሪፐብሊካኑን ፕሬዚዳንት ሥራ ይቀበሉ ነበር፤ በሁለቱ ፓርቲዎች መካከል የነበረው የአማካይ ልዩነት 39 ነጥብ ነው። ኒክሰን ሲወድቁ ከራሳቸው ፓርቲ ሰዎች እንኳ የሚቀበሏቸው ወደ ግማሽ ወርደው ነበር። በ2020 መጀመሪያ፣ ትራምፕ በኮንግረስ ክስ ላይ በነበሩበት ሰሞን ጋሉፕ ሲጠይቅ ከሪፐብሊካኖች 94 በመቶ፣ ከዴሞክራቶች 7 በመቶ ተቀበሏቸው። ልዩነቱ 87 ነጥብ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ባይደን መጥተው ሄደዋል፣ ትራምፕ ተመልሰዋል፤ ገደሉ ግን እንዳለ ነው።

ታዲያ መልስ ሰጪው እየመለሰ ያለው የትኛውን ጥያቄ ነው? የተጠየቀው ስለ ሥራ ነው፤ የሚመልሰው ግን "የማን ወገን ነህ?" የሚለውን ነው። ይህ በኢኮኖሚ ጥያቄ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከ2016 ምርጫ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ገና አዲሱ ፕሬዚዳንት ቢሮ ሳይገቡ፣ ሪፐብሊካኖች ስለ ኢኮኖሚው የነበራቸው ግምት በአንዴ ተሻሻለ። በ2020 መጨረሻ ደግሞ በተቃራኒው የዴሞክራቶቹ ተሻሻለ። የዳቦና የቤንዚን ዋጋ በዚያ ሳምንት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቤተ መንግሥት የሚገባው ሰው ነው።

የሃይማኖት ትምህርት የቀመሰ ሰው ይህን ነገር ሲያይ የሚመጣበት ቃል አንድ ነው፤ ዐሰቢያ። ኢብን ኸልዱን ቃሉን ለመንግሥታት መነሳትና መውደቅ ማብራሪያ አድርጎ ተጠቅሞበታል፤ በሐዲሥ ውስጥ ግን የሚወገዘው ዐሰቢያ ወገንን በበደሉ ላይ እንኳ ማገዝ ነው። ልብ በሉ፣ ወገንን መውደድ አልተወገዘም። የተወገዘው ፍርዱን ለወገን አሳልፎ መስጠት ነው።

ሽሽቱ

ቁጥሩ ሲያሽቆለቁል ደጋፊ የሚሸሽባቸው በሮች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው መለኪያውን መክሰስ ነው። በ2012 ብዙ የሪፐብሊካን ደጋፊዎች "ጥናቶቹ ዴሞክራቶችን አብዝተው ይጠይቃሉ" ብለው ቁጥሮቹን በገዛ እጃቸው እያስተካከሉ ሮምኒ እንደሚያሸንፉ አሰሉ፤ ኦባማ 332 የመራጮች ጉባኤ ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። ትራምፕ በፌብሩዋሪ 2017፣ ሥልጣን በያዙ በሦስተኛው ሳምንት፣ አሉታዊ የሆነ ጥናት ሁሉ የውሸት ዜና ነው ብለው ጻፉ። ባይደን በ2024 ያሉትን ከላይ አይተናል። የፓርቲው ስም ተለያየ እንጂ መልሱ አንድ ነው። አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ፈተና ሲመለስ ይህን መልስ እሰማው ነበር፤ 90 ያገኘ ተማሪ ስለ እርማቱ ጠይቆኝ አያውቅም።

በእርግጥ ጥርጣሬው ሙሉ በሙሉ መሠረት የለውም አይባልም። በ2016ም በ2020ም የምርጫ ጥናቶች የትራምፕን ድጋፍ አሳንሰው ገምተዋል፤ የ2020ው ስህተት በ40 ዓመት ውስጥ ትልቁ እንደነበር የጥናት ባለሙያዎቹ ማኅበር ራሱ መርምሮ አምኗል። ይሁንና የሦስትና የአራት ነጥብ ስህተት 37ን 41 ያደርገዋል እንጂ 60 አያደርገውም።

ሁለተኛው በር "ሥራችን ጥሩ ነው፤ ማስረዳት አልቻልንም" የሚለው ነው። ሦስተኛው ታሪክን መጥራት ነው። ዝቅ ያለ መሪ ሁሉ ትሩማንን ይጠቅሳል፤ እስከ 22 በመቶ ወርደው ዛሬ የታሪክ ምሁራን ከታላላቆቹ ተርታ ያሰልፏቸዋልና። ትሩማን ለተጠሉ መሪዎች ሁሉ መጽናኛ ሆነው ቀርተዋል። በ24 በመቶ የሄዱትን ኒክሰንን ግን ማንም አይጠቅስም።

የተቃዋሚው ወገን ስህተት ግን ከዚህ አይተናነስም። እሱ "እሳቸውን ጠሉ፣ ስለዚህ እኛን ወደዱ" ብሎ ይደመድማል። አለመቀበል ዝውውር አይደለም። በ2013 መጨረሻ፣ መንግሥት ለ16 ቀናት ከተዘጋ በኋላ፣ የኮንግረስ ተቀባይነት 9 በመቶ ደረሰ። ከአሥር ሰው ዘጠኙ አልተቀበላቸውም እንደማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት ምርጫ እንደገና ከተወዳደሩት የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት ተመለሱ! ሰው ኮንግረስን ይጠላል፤ የራሱን ተወካይ ግን ይመርጣል። በ2022 ደግሞ ባይደን 40 በመቶ አካባቢ ሆነው "ቀይ ማዕበል" ይመጣል ሲባል ዴሞክራቶች በተወካዮች ምክር ቤት ያጡት 9 መቀመጫ ብቻ ነበር። ባይደንን በመጠኑ የማይቀበሉ ብዙ ሰዎች ገብተው የመረጡት የባይደንን ፓርቲ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያ ክረምት ፅንስ ማቋረጥን በተመለከተ የሰጠው ውሳኔ ከፕሬዚዳንቱ በላይ አሳስቧቸው ነበር።

ጋዛ፣ ዲርቦርንና የተሳሳተው ንባብ

ይህ ሁሉ ወደ እኛ ጉዳይ ያመጣናል። ኦክቶበር 2023 ላይ በጋሉፕ መለኪያ ባይደን በዴሞክራቶች ዘንድ ያላቸው ተቀባይነት በአንድ ወር 11 ነጥብ ወርዶ 75 በመቶ ሆነ። ከላይ እንዳልነው ይህ ዘመን ቁጥር የማይንቀሳቀስበት፣ ሰው ከወገኑ የማይነቃነቅበት ዘመን ነው። እንዲህ ባለ ዘመን የራስ ፓርቲ ሰው በአንድ ወር 11 ነጥብ ሲሸሽ ቤት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ሙስሊሙ በቁጥር አንድ በመቶ ስለሆነ ይህን ያህል መውረድ ብቻውን ሊያመጣ አይችልም፤ ወጣቶችና ሌሎችም አብረው ነበሩ።

ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2024 በሚሺጋን የዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ከ100 ሺህ በላይ ሰው "አንኮሚትድ" የሚለውን፣ ማለትም ለየትኛውም ዕጩ አልቆምኩም የሚለውን ሣጥን ሞላ። አስተባባሪዎቹ ተስፋ ያደረጉት 10 ሺህ ነበር። የዐረብና የሙስሊም ማኅበረሰብ በብዛት በሚኖርባት ዲርቦርን ይህ ምርጫ ከባይደን በላይ ድምፅ አገኘ። ከሳምንት በኋላ የሶማሌ፣ የኦሮሞና የሌሎችም የአካባቢያችን ሙስሊሞች በብዛት በሚኖሩባት ሚኒሶታ ከመራጩ 19 በመቶ ገደማ እንዲሁ አደረገ።

የዴሞክራቶች ምላሽ ምን ነበር? በአብዛኛው "ትራምፕን ሲያዩ ይመለሳሉ" የሚል ነበር። ስሌቱ በወረቀት ላይ ያስኬዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ትራምፕ ገና በገቡ በሳምንታቸው የሙስሊም አገራት ዜጎችን ያገዱ ሰው ናቸውና። ነገር ግን ስሌቱ አንድ ነገር ይዘላል፤ የሚያለቅስን ሰው "ወዴትም አትሄድም" ማለት መልስ አይደለም። በኦገስት 2024 በቺካጎ በተደረገው የፓርቲው ጉባኤ የ"አንኮሚትድ" ተወካዮች አንድ ፍልስጤማዊ አሜሪካዊ ለጥቂት ደቂቃ እንዲናገር ጠየቁ። ከልክለዋቸው ደጅ ተቀምጠው አደሩ። በኖቬምበር በዲርቦርን ትራምፕ 42 በመቶ፣ ካማላ ሃሪስ 36፣ የአረንጓዴ ፓርቲዋ ጂል ስታይን 18 በመቶ ገደማ አገኙ። ከአራት ዓመት በፊት ባይደን በዚያችው ከተማ ከሦስት እጅ ሁለቱን ይዘው ነበር።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጸሐፊዎቻችን "ምርጫውን እኛ ወሰንነው" ብለው ጽፈዋል። አይመስለኝም። ትራምፕ ሰባቱንም ወሳኝ ግዛቶች አሸንፈዋል፤ በአሪዞናና በጆርጂያ የተፈጠረውን የዲርቦርን ሙስሊም አላመጣውም። በሚሺጋን ብቻ ግን ልዩነቱ 80 ሺህ ገደማ ነበርና የሙስሊሙ ቁጣ እዚያ ሚዛን ነበረው።

የሪፐብሊካኖቹ ንባብም የተሻለ አልነበረም። 42 በመቶውን "ወደ እኛ መጡ" ብለው አነበቡት። በፌብሩዋሪ 2025 መጀመሪያ ትራምፕ ከኔታንያሁ ጎን ቆመው አሜሪካ ጋዛን እንደምትረከብና ነዋሪዎቿ ሌላ ቦታ እንደሚሰፍሩ ሲናገሩ፣ ለእሳቸው ሲቀሰቅስ የነበረ አንድ የዐረብ አሜሪካውያን ቡድን የትራምፕን ስም ከስሙ ላይ አነሳ። በጁን 2025 ደግሞ ሶማሊያን፣ ሱዳንን፣ የመንንና ኤርትራን ጨምሮ የ12 አገራት ዜጎች እንዳይገቡ ታገደ። የትራምፕ ደጋፊ የሆኑት ወንድሞቻችን በኦክቶበር 2025 የተደረሰውን የተኩስ ማቆም ስምምነት ጠቅሰው "ባይደን ያልቻሉትን አደረጉ" ይላሉ። ይህም ሊነገር የሚገባው ነው። ያልተመቸኝ ነገር ሌላ ነው።

ያልተመቸኝ፣ በየመስጊዱ ግቢና በየቴሌግራም ቡድኑ የምንሰማው ክርክር የፓርቲዎቹን ክርክር ቃል በቃል መምሰሉ ነው። ለሃሪስ ድምፅ የሰጠው ወንድም የትራምፕ ቁጥር በወረደ ቁጥር "ብለን ነበር" ይላል፤ ስለ 2024ቱ የጋዛ ሞት ሲነሳበት ግን ወሬ ያስቀይራል። ለትራምፕ ድምፅ የሰጠው ደግሞ አምና የባይደንን 36 በመቶ የሕዝብ ፍርድ ነው ሲል ቆይቶ፣ የዘንድሮውን 37 የሚዲያ ሤራ ነው ይላል። ሦስተኛውን ሣጥን የሞላው "እኔ እጄ ንጹሕ ነው" ብሎ ከሁለቱም ይርቃል። ለሦስቱም የሚነበበው ቁርኣን አንድ ነው። በሱረቱ አን-ኒሳእ 135ኛው አንቀጽ በራስም፣ በወላጅም፣ በዘመድም ላይ ቢሆን በፍትሕ መመስከር ታዟል፤ በሱረቱ አል-ማኢዳ 8ኛው አንቀጽ ደግሞ ለአንድ ሕዝብ ያለን ጥላቻ ወደ በደል እንዳይገፋፋን ተከልክለናል። ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን እንጠቅሳለን፤ ሌሎች እኛን እንዲያስተካክሉን የምንጠይቅበት ነውና። የመጀመሪያው ግን በራሳችን ላይ መመስከርን ይጠይቃል።

የኩፋ ሰዎች ቅሬታ

በቡኻሪ ሶሒሕ ውስጥ የተዘገበ አንድ ታሪክ ለዚህ ጉዳይ የሚቀርብ ይመስለኛል። የኩፋ ሰዎች በአስተዳዳሪያቸው በሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ላይ ለኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ቅሬታ አቀረቡ። ሰዕድ ማን ናቸው? በጀነት ከተበሰሩት አሥሩ አንዱ፣ የቃዲሲያ ጦር አዛዥ፣ ኩፋን ራሷን የቆረቆሩ ሰው። ቅሬታው ሶላት እንኳ በደንብ አያሰግድም እስከማለት ደረሰ። ዑመር አስጠርተው ጠየቋቸው፤ ሰዕድ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሶላት እንደሚያሰግዱ አስረዱ፤ ዑመርም የጠበቁት ይህንኑ እንደነበር ነገሯቸው።

ደጋፊ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ዑመር ግን ሰው ወደ ኩፋ ላኩ። የተላኩት ሰዎች በከተማዋ ያሉትን መስጊዶች አንድ በአንድ እየዞሩ ስለ ሰዕድ ጠየቁ። በዘመናችን ቋንቋ የሕዝብ አስተያየት ጥናት አደረጉ ቢባል ነውር የለውም። በሁሉም መስጊድ ሕዝቡ መልካም ተናገረ። በበኑ ዐብስ መስጊድ ብቻ አንድ ሰው ተነስቶ ከጦሩ ጋር አይወጣም፣ በእኩል አያካፍልም፣ በፍርድ አያስተካክልም ብሎ ከሰሳቸው።

ሰዕድ ተነስተው በቦታቸው ዐማር ኢብን ያሲር (ረ.ዐ) ተሾሙ። ዑመር ግን በኋላ በሞት አልጋቸው ላይ ሆነው ሰዕድን ከስድስቱ የምክር ሰዎች አንዱ ሲያደርጓቸው፣ ያነሷቸው በአቅም ማነስም በክዳትም እንዳልነበር ተናገሩ።

ይህን ታሪክ ዛሬ ለማንኛውም ፓርቲ ደጋፊ ብትነግሩት ግማሹን ብቻ ይወስዳል። የመሪው ደጋፊ "አያችሁ፣ ቅሬታው ውሸት ነበር" ይላል። ተቃዋሚው "አያችሁ፣ ተነሱ" ይላል። ዑመር ግን ሁለት ጥያቄዎችን ለየብቻ ነው የያዙት። ሰውየው በድሏል ወይ? አልበደለም። በሰዎቹ ዘንድ ሥራውን መሥራት ይችላል ወይ? ይህ ሌላ ጥያቄ ነው። የሰዕድ ክብር የሕዝቡን ቅሬታ ውሸት አላደረገውም፤ የሕዝቡ ቅሬታም የሰዕድን ክብር አላወረደውም። ኩፋ ከዚያም በኋላ አላረፈችም፤ በዐማርም ላይ ቅሬታ አቅርባ እሳቸውም ተነስተው አል-ሙጊራ ኢብን ሹዕባ (ረ.ዐ) ተተኩ። ማን ቢሾም የማይቀበል ሕዝብ መኖሩንም ታሪኩ አይደብቅም።

በእርግጥ የኩፋ አስተዳዳሪ በምርጫ የመጣ አልነበረም፤ ንጽጽሩ እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው። ነገር ግን ከሺህ ሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ በምርጫ የመጣ መሪ ቁጥሩ ሲወርድ "አላምንም" ሲል፣ ዑመር መልእክተኛ የላኩት የሚያምኗቸውን ሰው በተመለከተ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል።

የኛዎቹ ሐበሾች

የአንድ ቁጥር ውስጥ ምን ያህል ተቃራኒ ነገር እንደሚታጨቅ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ2021 መኸር የባይደን ተቀባይነት ከአፍጋኒስታን አወጣጥ በኋላ ወደ 40ዎቹ መጀመሪያ ወርዶ ነበር። ኖቬምበር 2 ቀን የቨርጂኒያ ሕዝብ አገረ ገዥውን ሲመርጥ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን የባይደን አስተዳደር በሰሜኑ ጦርነት ላይ በያዘው አቋም ተቆጥተው ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ሲቀሰቅሱ ነበር። በዚያችው ዕለት ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል የማስወጣት ውሳኔያቸውን ለኮንግረስ አሳወቁ። ከእነሱ ቀጥሎ ባለው ቤት የሚኖረው ሌላው ሐበሻ ደግሞ ባይደን በጣም ዘገዩ፣ ጫናው አነሰ ብሎ የተቆጣ ነበር። ሁለቱም ቢጠየቁ "አልቀበልም" ይላሉ። ቁጥሩ አንድ ላይ ይደምራቸዋል። ሪፐብሊካኑ ሁለቱንም የእኔ ናቸው ይላል፤ ዴሞክራቱ ሁለቱም ይመለሳሉ ይላል።

በኖቬምበር 2026 የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ይደረጋል፤ 435ቱም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ለውድድር ይቀርባሉ። በጋሉፕ ስሌት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ተቀባይነቱ ከ50 በመቶ በታች የሆነ ፕሬዚዳንት ፓርቲ በአማካይ 37 መቀመጫ ያጣል፤ ከ50 በላይ ከሆነ 14። ዴሞክራቶች በዚህ አማካይ ተማምነው ሲዝናኑ ብታዩ የ2022ን አስታውሷቸው፤ ያኔ አማካዩ አልሠራም። ሪፐብሊካኖች ጥናቱ ሐሰት ነው ሲሉ ብትሰሙ ደግሞ የ2012ን።

ለእኛ ግን ከአገር አቀፉ ጥናት ይልቅ ቅድመ ምርጫው ይቀርበናል። ጥናቱ ከሺህ ሰው አሥራችንን ይጠይቃል፤ ያውም አማርኛ አይችልም። ቅድመ ምርጫው የገባውን ሁሉ ይቆጥራል፣ የስህተት ህዳግ የለውም፣ በአብዛኛው ግዛት ጥቂት ሰው ብቻ ስለሚወጣ ትንሽ ማኅበረሰብ ይታያል። ብዙ የኛ ሰው በኖቬምበር ተሰልፎ ይመርጣል፤ ዕጩው በሚለይበት በጸደይና በበጋው ቅድመ ምርጫ ግን አይታይም። "አንኮሚትድ" 30 ያህል ተወካዮች ይዞ ቺካጎ የገባው በቅድመ ምርጫ ነው። መድረኩን ከለከሏቸው፤ መቀመጫቸውን ግን ሊከለክሏቸው አልቻሉም።